የወረሳችሁት የጋራ ቤትና መሬት፦ ከሞት ምስክር ወረቀት እስከ አዲስ ካርታ

አባት ካረፉ አሥር ዓመት አልፏል። ካርታው ግን ዛሬም በስማቸው ነው። እናት ግቢው ውስጥ ይኖራሉ። ታላቅ ወንድም ሰርቪሱን አከራይቷል። አንዷ እህት ዱባይ ናት፣ ሌላዋ ባሏ ቤት ሆና በየዓውደ ዓመቱ ትመጣለች። "እስቲ ይህን ነገር መስመር እናስይዘው" የሚል ሰው ሲነሳ ወዲያው "እናታችን በሕይወት እያለች?" ይባላል። ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። እንዲህ ያለ ግቢ የሌለበት ሰፈር የለም።

ወንድምና እህት በውርስ ሲጣሉ ሰው ሁሉ "ስስት ነው" ይላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። አብዛኛው ጠብ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ስለሚዘለል ነው። ወራሹ ማን እንደሆነ አልተረጋገጠም፣ የእናት ግማሽ አልተለየም፣ ዕዳው አልተቆጠረም፤ ሰው ግን ቀጥታ "የኔ ድርሻ ስንት ነው?" ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ይህን መመሪያ በተራ በተራ ተከተሉት። በዋናነት የአዲስ አበባንና የሌሎች ከተሞችን ቤትና ይዞታ ይመለከታል። የገጠር መሬት የራሱ ሕግ ስላለው ወደ መጨረሻው ለብቻው አምጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ፦ ሰዓቱ እየቆጠረ መሆኑን እወቁ

ሕጉ ተዝካር እስኪወጣ፣ ኀዘን እስኪበርድ አይጠብቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 የውርስ ንብረት ያለአግባብ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ መጠየቂያ ጊዜ አስቀምጧል። ወራሹ መብቱን ካወቀና ሌላው ሰው ንብረቱን መያዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ "ይርጋ"፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ብሎ ይከራከራል። ባያውቅም እንኳ 15 ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል፤ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር።

ይህ የሦስት ዓመት ገደብ ወንድምና እህት እርስ በርስ ሲካሰሱ እንዴት ይሠራል የሚለው ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ያከራከረ ነገር ነው። የእናንተ ጉዳይ መሞከሪያ እንዳይሆን። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቢያንስ የወራሽነት ማስረጃችሁን አውጡ። ማስረጃ ማውጣት ማለት ቤት መሸጥ ማለት አይደለም፤ እናትን ከቤት ማስወጣትም አይደለም። ይህን ለቤተሰቡ በግልጽ ንገሩ፤ ብዙው ፍርሃት ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ወረቀቱን ሰብስቡ

አንድ ፋይል ግዙና የሚከተሉትን አስገቡበት፦ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና ፕላን ካለ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የሟች የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የሁሉም መታወቂያ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሟቹ ከረጅም ጊዜ በፊት ያረፉ ከሆነ የእድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤና ምስክር መጠየቃችሁ አይቀርም፤ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ፋይሉን ስታዘጋጁ ሁለት ነገር በዓይናችሁ ፈትሹ። አንደኛው ስም ነው። ካርታው ላይ "ወርቅነሽ"፣ መታወቂያው ላይ "ወርቄ"፣ የልጅየው የልደት ማስረጃ ላይ ደግሞ ሌላ የአያት ስም ካለ ጉዳዩ ወራት ይጓተታል። የክርስትና ስም በአንዱ ሰነድ ገብቶ በሌላው አለመገኘቱም የተለመደ ነው። ልዩነት ካለ የወራሽነት ማመልከቻው ላይ "ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው" ተብሎ እንዲረጋገጥ አብራችሁ ጠይቁ። በኋላ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ከመመለስ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ቤቱ በእውነት የሟች ነው ወይ የሚለው ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። አርባና ሃምሳ ዓመት የኖራችሁበት ቤት የቀበሌ ቤት ከሆነ የኪራይ መብት እንጂ የምትካፈሉት ውርስ የለም። ሳታጣሩ አትጨቃጨቁ። ካርታው የሟች ከሆነ ደግሞ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንዳለበት አስጠይቁ። ሟች ሳይነግሯችሁ ቤቱን ለባንክ አስይዘው ሊሆን ይችላል።

መሬቱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የምትወርሱት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ሰው "መሬት ተካፈልን" ሲል በሕግ ቋንቋ ይህንን ማለቱ ነው።

ወራሹ ማን ነው?

ሟች ኑዛዜ ከተዉ ከእሱ ጀምሩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በራስ እጅ ጽሑፍ የተደረገ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በሟች እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ ቀን ያለበትና በየገጹ የተፈረመ መሆን ይኖርበታል። በአልጋ ላይ በቃል የተባለ ነገር ብቻውን ቤት አያስተላልፍም። "አባዬ ለኔ ነው ያሉኝ" የሚል ወንድም ካለ ወረቀቱን እንዲያመጣ በትሕትና ጠይቁት።

ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። ወንድ ሴት የለም፣ ታላቅ ታናሽ የለም። በጋብቻ ውስጥም ውጭም የተወለደ ልጅ እኩል ነው። የጉዲፈቻ ልጅም እንደዚያው። ከሟች ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ገብተው የእሱን ድርሻ ይካፈላሉ። ልጅ ጭራሽ ከሌለ ተራው የወላጆች ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። "ሴት ልጅ ባሏ ቤት ትኖራለች፣ የአባቷን ቤት ምን ታደርገዋለች?" የሚባለው ነገር ዛሬም ብዙ እህቶችን ባዶ እጃቸውን እያስቀረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እህቶቻችሁ በሽምግልና ላይ "ተውኩት" ብለው እንዲፈርሙ አትጫኗቸው። መተው ከፈለጉ በነጻነት፣ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ ካወቁ በኋላ ይሁን። እህት ከሆናችሁም ቁጥሩን ሳታዩ አትፈርሙ።

ሌላው ሰው የሚያጠፋው የአባትን የውጭ ልጅ መደበቅ ነው። ማመልከቻ ላይ "ሌላ ወራሽ የለም" ብሎ ምስክር ማቆም በሐሰት መመስከርን ያመጣል። ማስረጃውም በኋላ ሊሰረዝ ይችላል። ቤቱ ተሸጦ ከሆነ ነገሩ ገዢውንም ይዞ ይገባል። ልጁ ወይም ልጅቷ ካሉ ከመጀመሪያው ጥሩ።

የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ማመልከቻው የሚቀርበው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሟቹን፣ ወራሾቹንና ዝምድናቸውን ዘርዝራችሁ ትጽፋላችሁ። ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ሊያስወጣ ይችላል። ሁሉም ወራሾች በአንድ ማመልከቻ ቢገቡ ወጪም ድካምም ይቀንሳል። ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላሉ። እዚያ የድርሻው አከፋፈል የተለየ ስለሆነ፣ ሚስትም ከወራሾቹ አንዷ ስለሆነች፣ የቱ ጋ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ካርታው በአያት ስም ከሆነ ነገሩ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ የአያት ወራሾች ይታወቃሉ። ከእነሱ መካከል የሞተ ካለ የእሱ ወራሾች ይከተላሉ። አንዱን ሞት ዘላችሁ ወደ ሌላው መግባት አትችሉም።

የእናትን ግማሽ መጀመሪያ ለዩ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ወይም ሚስት ኑዛዜ ከሌለ በሕግ ወራሽ አይደሉም። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ነገር ግን እናት ቀድሞውኑ የራሳቸው ሀብት አላቸው። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ካርታው በአባት ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ግማሹ የእናት ነው። ውርስ የሚባለው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። አባት ቤቱን ከጋብቻ በፊት ይዘውት ከመጡ ወይም እሳቸውም ወርሰውት ከሆነ ግን የግል ንብረታቸው ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በጋራ ገንዘብ የተሠራ ክፍል ካለ የሱ ክርክር ለብቻው ይታያል።

በቁጥር እናስላው። 12 ሚሊዮን ብር የሚገመት፣ በጋብቻ ዘመን የተሠራ ቤት አለ እንበል። አባት አራት ልጆች ነበሯቸው። ሦስቱ ከእናት የተወለዱ ናቸው፣ አራተኛዋ የአባት ልጅ ናት፣ ከሌላ እናት። ከሦስቱ አንዱ ከአባት በፊት ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል።

አባት ሲሞቱ 6 ሚሊዮኑ የእናት ነው፤ ማንም አይነካውም። የቀረው 6 ሚሊዮን ለአራት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ከአባት ቀድሞ የሞተው ልጅ 1.5 ሚሊዮን ለሁለቱ ልጆቹ 750 ሺህ 750 ሺህ ይሆናል።

ቆይተው እናት ያርፋሉ። አሁን የሚከፋፈለው የእናት ግማሽ ነው። የአባት ልጅ ከዚህ አትወርስም፤ የእናት ልጅ አይደለችምና። 6 ሚሊዮኑ ለሦስት ሲከፈል 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ድምሩን ስታዩ በሕይወት ያሉት ሁለቱ የእናትና የአባት ልጆች እያንዳንዳቸው 3.5 ሚሊዮን፣ የአባት ልጅ 1.5 ሚሊዮን፣ ሁለቱ የልጅ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 1.75 ሚሊዮን ያገኛሉ። በድርሻ ሲጻፍ ከ24 ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት (ለሁለቱ የልጅ ልጆች በጋራ) እና ሦስት ነው።

ይህን ሠንጠረዥ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሁሉም አሳዩ። ግማሹ ክርክር እዚያው ይሞታል። "አራት ነን፣ በአራት" ብሎ የገባ ሰው የአባት ልጅን ድርሻ ያለአግባብ ያሳድጋል። "እሷ የኛ እህት አይደለችም" ብሎ የገባ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያስቀራታል። ሁለቱም ስህተት ነው።

እናት በሕይወት እያሉ ይህን ማስተካከል ለእናት ራሳቸው ጥበቃ ነው። ግማሹ በስማቸው ከተለየ ከልጆቹ ማንም "ውጪልኝ" ሊላቸው አይችልም። ይህንን ለእናታችሁ እንዲህ ብላችሁ አስረዱ፦ "እማዬ፣ ድርሻሽ ተለይቶ በስምሽ ይጻፍ ነው የምንለው።"

ዕዳና ወጪ

ንብረቱ ከመከፈሉ በፊት ውርሱ መጣራት አለበት። በሕጉ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ ለይተው የሰጡት ስጦታ ይከፈላል። ከመካከላችሁ የምታምኑትን አንድ ሰው ውርስ አጣሪ አድርጋችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት ይሾማል። አጣሪው የንብረቱንና የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ ያቀርባል። ለተዝካር የወጣውን ገንዘብ ከውርሱ እናስቀንስ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ በስምምነት ካልሆነ አድካሚ ክርክር ነው። ከወዲሁ በየፈቃዱ ያዋጣ ያዋጣ ብላችሁ ብትስማሙ ይሻላል።

ሳትካፈሉ ስትኖሩ

ወዲያው መካፈል ግዴታ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ እናት እስካሉ ሳይካፈል ይኖራል። ግን ባለ ድርሻ ሁሉ በሕግ የጋራ ባለሀብት ነው፤ ይህ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው።

ኪራይ የሁሉም ነው። ወንድማችሁ ሰርቪሱን በወር 8 ሺህ ብር ካከራየ ገንዘቡ ከወጪ ቀሪ በየድርሻው ይከፈላል። በተግባር የሚሠራው አንድ ደብተር መክፈት ነው። የገባው ኪራይ፣ የወጣው ግብር፣ የቆርቆሮ፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የበር ጥገና በቀንና በደረሰኝ ይጻፋል። ደብተሩ በሦስት ወር አንዴ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶው ይላክ። አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ ከብዙ ጠብ ያድናል።

ትልቁ አደጋ ግንባታ ነው። አንዱ ወራሽ በራሱ ገንዘብ ሁለት ክፍል ይሠራል። ከአምስት ዓመት በኋላ "ይህ የኔ ነው" ይላል። ሌሎቹ ደግሞ "ማን ፈቀደልህ?" ይላሉ። የጋራውን ንብረት መሸጥ፣ ማስያዝ ወይም አገልግሎቱን መቀየር የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ድንጋይ ከመጣሉ በፊት አንድ ገጽ ተፈራረሙ፦ ማን እንደሚሠራ፣ ወጪው ስንት እንደሆነ፣ በክፍፍል ጊዜ ወጪው ብቻ ይመለሳል ወይስ የጨመረው ዋጋ፣ ኪራዩን ማን ይበላል። የሲሚንቶና የብሎኬት ደረሰኝ አስቀምጡ።

አንድ ወራሽ የራሱን ያልተከፈለ ድርሻ መሸጥ ይችላል። ነገር ግን ለውጭ ሰው ከሸጠ ሌሎቹ ባለድርሻዎች ቀድሞ የመግዛት መብት አላቸው። ስለዚህ ችግር ያጋጠመው ወንድም ካለ ደላላ ጋ ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ በጽሑፍ ያሳውቅ።

እንዴት ትካፈላላችሁ?

በተግባር ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። ቦታውን በዓይነት መሸንሸን የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ይወደዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። 200 ካሬ ቦታ ለአምስት ሲሆን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ካሬ ነው። ከተማው ለአንድ ካርታ ዝቅተኛ መጠን አለው፤ በተጨማሪም እያንዳንዱ ክፋይ መውጫ ያስፈልገዋል። ገመድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ይህ ቦታ በፕላኑ መሠረት ይከፈላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይቻላል ከተባለ እኩል ዋጋ ያላቸው ክፋዮች አድርጉና ዕጣ ጣሉ። ከመንገድ ዳር ያለውና ከኋላ ያለው እኩል ካሬ ቢሆኑም እኩል ዋጋ አይሆኑም፤ ልዩነቱ በገንዘብ ይካካስ።

ሁለተኛው አንዱ ቤቱን ይዞ የሌሎቹን ድርሻ በብር መክፈል ነው። ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ በተለይ እናት እዚያው የሚኖሩ ከሆነ። ግምቱን ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ባለሙያ ይገምተው። ክፍያው በጊዜ ገደብ ይጻፍ፤ "ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ" የሚል ቃል ዋጋ የለውም፣ ብር በየዓመቱ ይወርዳልና።

ሦስተኛው መሸጥና ገንዘቡን መካፈል ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ ውል የተያዘ የቆየ ቦታ) በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱን እንደያዘ እንዲቀጥል፣ ከውርስ ውጭ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ፣ ማለትም ቦታውን ከመንግሥት በክፍያና በውል ወደ መያዝ፣ እንዲገባ አድርጓል። ገዢው ይህን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል። ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

አራተኛው በጋራ መያዝን መቀጠል ነው። ካርታው በሁሉም ወራሾች ስም ይሠራል፣ ድርሻቸውም ይጻፋል። ይህን ከመረጣችሁ ቢያንስ የአስተዳደር ስምምነት ጻፉ። አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ "ይበቃኛል፣ እንካፈል" ማለት መብቱ ነውና።

ስምምነቱ ሲጻፍ

በቃል የተደረገ የቤት ክፍፍል ምስክር ሲሞት ይሞታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈራረሙ። ጽሑፉ ውስጥ የቤት ቁጥርና የካርታ ቁጥር፣ የየአንዳንዱ ድርሻ በክፍልፋይና በካሬ ወይም በብር፣ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ቀኑ፣ ያለው ዕዳ ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ እናት እዚያው የሚኖሩ ከሆነ እስከ መቼና የትኛው ክፍል ላይ፣ ቆጣሪና ግብር የማን እንደሚሆን ይግባ።

ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ አጎት ወይም አክስት ዝም ብለው ሊፈርሙለት አይችሉም። ሞግዚቱ በፍርድ ቤት መታወቅ አለበት። የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚህ የተፈረመ ክፍፍል በኋላ ልጁ ሲያድግ ሊናድ ይችላል።

ውጭ አገር ያሉ ወራሾች ውክልና ይላኩ። ባሉበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጡታል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በውልና ማስረጃ ያልፋል። ውክልናው "ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" ብቻ ካለ ለሽያጭም ለክፍፍልም አይሆንም። ጠቅላላ ውክልና ማስተዳደርን እንጂ ቤት መሸጥን አይሸፍንም። "የወራሽነት ማስረጃ እንዲያወጣ፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ፣ እንዲካፈል፣ ስም እንዲያዛውር" ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ። "እንዲሸጥ" የሚለውን ግን የምር ካልፈለጋችሁ አታስገቡ። ዜግነት የቀየራችሁ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ የሎው ካርድ የሚባለውን፣ አውጡ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የካርዱ ባለቤቶች በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ እንደ ውጭ ዜጋ አይታገዱም።

ካልተስማማችሁ

መጀመሪያ ሽማግሌ ጥሩ። ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ከውጭ፣ ቤተሰቡ የሚያከብራቸውን፣ ከንብረቱ ጥቅም የሌላቸውን። ስብሰባው ላይ የድርሻ ሠንጠረዡ፣ የደብተሩ ሒሳብና የቤቱ ግምት ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ወረቀት ሳይኖር የሚደረግ ሽምግልና "ታላቅህ ነው፣ እሺ በለው" ላይ ያበቃል፤ ይህ ደግሞ ዕርቅ አይደለም። የደረሳችሁበትን ስምምነት በዚያው ሳምንት አጽድቁት።

ሽምግልናው ካልያዘ ክሱ የክፍፍል ክስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከበለጠ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታያል። የዳኝነት ክፍያው በግምቱ መጠን ስለሚሰላ ብሩን አስቀድማችሁ ያዙ። ክሱ ላይ ክፍፍሉን ብቻ ሳይሆን ያልተካፈላችሁትን ኪራይም ጠይቁ። አንዱ ወራሽ ቤቱን ሊሸጥ እየተሯሯጠ ከሆነ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ አቅርቡ፤ እግዱ ለክፍለ ከተማውና ለውልና ማስረጃ እንዲደርስ ተከታተሉ። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነና አንዱ ሌሎቹን ከፍሎ ማስቀረት ካልቻለ መጨረሻው ሐራጅ ነው። በሐራጅ የሚገኘው ዋጋ ተስማምታችሁ ብትሸጡ ከምታገኙት ያንሳል። ወደ ችሎት የምትገቡት ይህን አውቃችሁ ይሁን።

የገጠር መሬት

ገጠር ላይ የሚወረሰው የመጠቀም መብት ነው። አሁን ያለው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው አላቸው፤ አማራ ክልል ላይ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ወጥቷል። ማን ይወርሳል፣ ከተማ የሚኖር ልጅ መሬቱን መያዝ ይችላል ወይ፣ ትንሹ መጠን ስንት ነው የሚለው በክልል ይለያያል። ስለዚህ የከተማውን ሒሳብ ወደ ገጠር ይዛችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ የሟችን የይዞታ ደብተር ያዙና የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ቀጥሎ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ካለ እናት ያላቸው መብት ከአባት ሞት ጋር አይጠፋም። የእሳቸው የሆነው ወደ ውርሱ አይገባም። ሁለት ጥማድ መሬት ለስድስት ሲቆራረጥ ማንንም አያበላም፤ ሕጉም ከትንሹ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክላል። ተግባራዊው መንገድ መሬቱን አንዱ እያረሰ ሌሎቹ ከምርቱ ወይም ከኪራዩ እንዲካፈሉ መስማማት ነው። ስምምነቱ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ይመዝገብ። ወሰን ላይ ጥርጣሬ ካለ ጎረቤቶች በተገኙበት ይለካ። አባትን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወሰኑን አሳዩንና ጻፉልን ማለት ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስም ማዛወር

የወራሽነት ማስረጃውን፣ የክፍፍል ስምምነቱን ወይም ፍርዱን፣ የግብር ክሊራንሱንና ዋናውን ካርታ ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱ። የሁሉም ወራሾች መታወቂያ ኮፒ ወይም ውክልና አብሮ ይግባ። ባለሙያ ቦታውን መጥቶ ሊለካ ይችላል፤ ካርታው ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ካሬ ካልገጠመ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አዲሱ ካርታ ሲሰጣችሁ መስኮቱ ላይ ሳላችሁ አንብቡት፦ የስም ፊደል፣ የአያት ስም፣ የካሬ መጠን፣ የድርሻ ክፍልፋይ። አንድ ፊደል ከተሳተ እዚያው አስተካክሉት። ከዚያ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ስም አዙሩ፣ የዘንድሮውንም ግብር በአዲሱ ስም ክፈሉ።